ዘጠኝ ቦታ የተቆረጠው የአራስ ሚዮክ

«ለሶልዶ ደሴት ክቡራን ነዋሪዎች፣ በወደቡ ለቆሙ ጀልባዎች፣ እንዲሁም በባሕርም ሆነ በየብስ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ማለዳ ከእትዬ ዎልሱን ደጃፍ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ከነሙሉ ክብሩ መሰወሩን የመንደሩ አስተዳደር በጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ሳፋው ጠርዙ የተሸረፈ ሲሆን፣ ባለቤቲቱ እንደሚሉት ከሟች ባላቸው ይልቅ ለረዥም ጊዜ በታማኝነት አገልግሏቸዋል። የወሰደ ሰው እስከ ቀትር ይመልስ። ካልመለሰ እትዬ ዎልሱን ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ይፈልጋሉ፤ ያኔ አስተዳደሩ ኃላፊነት አይወስድም።»

የመንደሩ ሹም ታክ ቻንግቦክ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ ጠረጋውም በአራት ድምፅ ማጉያ ተባዝቶ ደሴቱን ዞረ። ሠላሳ አንዱ አባወራ ሥራውን አላቆመም፤ ጆሮውን ብቻ አቆመ። ሹሙ በሳፋ ከጀመረ ዋናው ነገር ሁለተኛ እንደሚመጣ በሶልዶ የማያውቅ ድመት እንኳ የለም።

«ሁለተኛ» አለ ድምፁ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «በቀትሩ ጀልባ ከሴኡል አንዲት እመቤት ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ አስተዳደሩ አያውቅም። የሚያውቅ ካለም አፉን ይዝጋ።»

የሹሙ አንድያ ልጅ ሰሪን ማስጫው ላይ ጎንበስ ብላ የሰኔንና የሐምሌን ማዕበል ችሎ ከዓለት የታጨደውን የመጨረሻውን ሚዮክ ታገላብጣለች። ረዥሙ የባሕር ቅጠል በእንጨት ቆጥ ላይ ተዘርግቶ፣ ጠዋት እንደ እርጥብ ቆዳ የነበረው አሁን ጠቁሮ መንኮሻኮሽ ጀምሯል። ቀና አላለችም። ቀና ብትል እትዬ ዎልሱን ከማዶው ቆጥ እያዩዋት እንደሆነ ታውቃለች።

«ሰሪን» አሉ እትዬ ዎልሱን፤ ስልሳ ዓመት ባሕር ጠልቀው የወጡ፣ ሳንባቸውም ምላሳቸውም ያልደከመ ሴት። «አባትሽ አፋችሁን ዝጉ ያለው ለእኔ ነው ወይስ ለባሕሩ?»

«ለሁለታችሁም ነው። ባሕሩ ግን ይሰማል።»

«እኔ ምን አልኩ? ዘጠኝ ቦታ የተቆረጠች ሙሽራ አይቼ አላውቅም ነው ያልኩት። ሁለት ሦስት ቦታ ቢሆን እኮ ሰው ይሰፋታል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሰሪንም አብራ ፈገግ አለች፤ በሶልዶ ያልሳቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳቅበታልና። ፈገግታው ግን ከንፈሯ ላይ ደረቀ፤ እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ የያዘችው ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሶልዶ ለአራስ ሾርባ የሚሆን ሚዮክ እንደ ሌላው አይሸጥም። ረዥሙና ምርጡ ይለያል፤ ሳይታጠፍ ይደርቃል፤ በገለባ ገመድ ይታሰራል። ያጠፈው የወላዷን ወገብ አጠፈ ይባላል። ቢላ የነካውማ፣ ምን እንደሚባል እንኳ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ገዢው ዋጋ አይከራከርም። የሚያዝዘውም ሚስቱ ለመውለድ የደረሰችለት ባል ነው። ታዲያ ሚስት የሌለው ወንድ ከአንዲት ልጅ እጅ ያልታጠፈ ሚዮክ ያዘዘ እንደሆነ፣ ልጅቱን እንደጠየቀ ይቆጠራል፤ ሌላ ሽማግሌ መላክ አያሻውም። የደሴቱ ወንዶች «እወድሻለሁ» ከማለት መስጠም ስለሚቀላቸው፣ ከሶልዶ ትዳር ግማሹ የተቋጠረው በዚህ መንገድ ነው። የሰሪን አባትም ቢሆን ለእናቷ የተናገረው የመጀመሪያ የፍቅር ቃል «አንድ ረዥም፤ እንዳታጥፊው» የሚል ነበር። እናቷ እስክትሞት ድረስ ሁለተኛ አልተናገረም።

ዶክተር ዮ ሙዮል ደግሞ የሶልዶ ሰው አይደለም። ከሴኡል ነው፤ ቤተሰቡ የእንክብል ፋብሪካ አለው። ከሁለት ክረምት በፊት ብልቃጦቹንና የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ፤ ከጀልባው እንደወረደ ዓለት ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ። ከሚዮክ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባል ነገር ማውጣት እፈልጋለሁ ብሎ ለአባቷ አስረዳ።

«ምን ያደርጋል?» አለ አባቷ።

«ሰውነት እንዳይዝግ ይከላከላል ማለት ይቻላል።»

«ሰው መልሕቅ ነው እንዴ?»

አሮጌውን የመረብ ጎጆ ግን ሰጠው። ሰሪን እንድታግዘው ተመደበች። ቅጠሉን በጥላ አድርቀው ይፈጩታል፤ አልኮል ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ብልቃጡን እንደሚጠበስ ድንች በፎይል ይጠቀልሉታል። «ብርሃን ይገድለዋል» ይላል እሱ፣ ሕፃን ተኝቶ እንደሆነ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ የተጣራውን ጠብታ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ይጥለዋል። ቅጠሉ ኃይል ካለው ሐምራዊው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ይሆናል። ሰሪን ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ቀን ሳታውቀው እጅጌውን ይዛ ነበር። እሱ ማስታወሻው ላይ «ስምንት ደቂቃ» ብሎ ጻፈ። የተለካው ቀለሙ ይሁን እጇ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወደ ሴኡል ሲመለስ ደብዳቤ ይጽፋል። ስድስት ገጽ ነው፤ ስለ አልኮል ብርታት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ማጥለያ ወረቀት። በመጨረሻው ገጽ መጨረሻ መስመር ላይ «እዚህ ይበርዳል። እዚያስ?» ይላል። ሰሪን ስድስት ገጽ አልኮል በዋና ተሻግራ ያቺ መስመር ላይ ታርፋለች።

በሐምሌ መጀመሪያ የመጣው ደብዳቤ ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር።

«ሰሪን፣ አንድ ረዥም ሚዮክ ላኪልኝ። ምርጡን። ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ ይሁን፤ እንዳይታጠፍ፣ እንዳይቆረጥ። ዋጋውን አልከራከርም፣ ያልሽው ይሁን። ላቦራቶሪው እየታደሰ ስለሆነ በቤቴ አድራሻ ላኪው።»

በቤቴ። እናቱ ባለችበት። ሰሪን ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ከዚያ መታጠፉ ከበዳትና አውጥታ ዘረጋችው።

ማዕበሉ ክፉኛ ከሚመታው ከታችኛው ዓለት ራሷ አጨደች። አራት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላ አደረቀችው። ሳጥኑን አናጢ ሠራው፤ ጀልባው ላይ የሁለት ሰው ቦታ ያዘ። ወደቡ ላይ «ለማን ነው?» ሲሏት፣ ጆሮዋ እንደ ፍም ቀልቶ፣ «አዝዞኝ ነው» አለች። ደሴቱ በአንድ ጊዜ ፈነደቀ። አባቷ ያን ቀን ምንም አልተናገረም፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሙዮል የምርመራ ወረቀት ለደሴቱ የሚዮክ አጫጆች ማኅበር መጣ። አባቷ የምሥራች መስሎት በድምፅ ማጉያ አነበበው።

«ናሙና አሥራ አራት። ላኪ ታክ ሰሪን። በፀሐይ የደረቀ። ለምርመራ ዘጠኝ ቦታ ተቆርጧል። ሐምራዊውን ቀለም የመለወጥ አቅሙ ከናሙናዎቹ ሁሉ ያነሰ። ለምርት አይመ...»

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ። ዝምታውም በአራት ድምፅ ማጉያ ደሴቱን ዞረ።

የልቧ ውጤት በአደባባይ የተነበበባት ሴት ምን ታደርጋለች? ሰሪን ያን ቀን ሚዮክ አገላበጠች። ዛሬም ታገላብጣለች። ዓይኗ የሚያቃጥላት ከጨው እንደሆነ ለራሷ ነገረችው፤ ራሷ ግን አላመናትም።

* * *

የሙዮል እናት ወይዘሮ ባንግ ከጀልባው የወረዱት በነጭ ባርኔጣ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ማዕበል አንገላቷቸው እንኳ አንገታቸው ንቅንቅ አላለም። ከኋላቸው የእጅ ቦርሳቸውን የተሸከመው ሙዮል ግን ከሚዮክ ጭማቂ የበለጠ አረንጓዴ ሆኗል። እናቱ ወደ ሶልዶ እንደሄዱ ከሾፌራቸው ሰምቶ ሮጦ ነው የደረሰባቸው። ለምን እንደሚሄዱ ግን አልነገሩትም።

ዓይኖቹ ሰሪንን ፈለጓት። ሰሪን ጫማውን አየች። ያው ዓለት ላይ የሚያንሸራትተው የከተማ ጫማ ነው። ከጫማው ወደ ላይ አንድ ጣት ያህል እንኳ አላለፈችም።

በአስተዳደሩ ቢሮ፣ ወለሉ ላይ፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሰሪን የገብስ ሻይ አመጣች። ለእመቤቲቱ በሁለት እጇ አቀረበች፤ ለአባቷ ሰጠች፤ ሦስተኛውን ስኒ ራሷ ጠጣችው። ሙዮል ባዶውን ጠረጴዛ አየ።

«ስንት ወሯ ነው?» አሉ ወይዘሮ ባንግ።

«የማን?» አለ ቻንግቦክ።

«የልጅዎ።»

«ልጄ ሠላሳ ዓመቷ ነው። በወር አስልቼ አላውቅም።»

«አቶ ታክ፣ እኔ የመጣሁት ለቀልድ አይደለም። ልጅዎ የአራስ ሚዮክ ቤቴ ድረስ ልካለች። ያልታጠፈ፣ በገለባ የታሰረ። እኔ ሙዮልን ስወልድ አማቴ ያመጡልኝ ልክ እንዲህ ያለውን ነው። የደሴት ሰው መልእክቱን በቅጠል ይልካል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ልጁን አንጥልም። ደማችን ነው። እናቱ ግን ደጃችንን አትረግጥም።»

«የቱ ልጅ?» አለች ሰሪን።

«እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?» አለ ሙዮል። አረንጓዴው ፊቱ ነጣ።

«አንተ ዝም በል። አንተ የተናገርከው ይበቃል።»

ሰሪን ስኒዋን አስቀመጠች። ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ነበር፤ ግን አሰማ። «እመቤት፣ ሆዴ ውስጥ ያለው የጠዋቱ ሩዝና ኪምቺ ብቻ ነው። እሱንም ልጅዎ አልሰጠኝም።»

«እንግዲያው ለምን ላክሽው?»

«ታዝዤ።»

«ማን ነው ያዘዘሽ?»

ቢሮው ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። «እኔ ነኝ» አለ ሙዮል።

የወይዘሮ ባንግ ባርኔጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «ያልታጠፈ? አንተ? ለዚች?» አሉ። «ዚች» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ጭቃ የነካች ያህል ነበር።

«ዚች» አለ ቻንግቦክ ቀስ ብሎ፣ «ስም አላት። በባሕሩም የታወቀ ነው። የእርስዎ እንክብል ግን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽርም...»

በመስኮቱ በኩል የእትዬ ዎልሱን ድምፅ ከመንገድ መጣ። «ቻንግቦክ፣ ማይኩን እንዳታጠፋው። ገና አልጨረሱም።»

ሹሙ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ዞረ። የማይኩ ቀይ መብራት በርቷል። ከሳፋው ጀምሮ እንደበራ ነው።

ሩዙም፣ ኪምቺውም፣ ወሩም፣ «ዚች»ም በአራት ድምፅ ማጉያ ደሴቱን ዞረዋል። ሰሪን ተነሥታ ወጣች። ስትወጣ አልሮጠችም። መሮጥ ፈልጋ ነበር፤ ግን በሶልዶ የሮጠ ሰው ለምን እንደሮጠ እስኪሞት ይጠየቃል።

* * *

የመረብ ጎጆው በር አልተዘጋም ነበር። ሙዮል ሲገባ ጀርባዋን ሰጥታው ባዶ ብልቃጥ ትወለውላለች።

«ሰሪን።»

«እርስዎ ነዎት ዶክተር? ናሙና አሥራ አራት ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው ኖራ ነው። «እርስዎ» የምትለዋ ቃል ከኅዳር ባሕር ይልቅ ቀዘቀዘችው።

«አባትሽ ሁለተኛውን ገጽ አነበበው?» አለ። «ለሾርባ የሶልዶን ሚዮክ የሚያክል የለም ብዬ ጽፌያለሁ። ፀሐይ ያጣፍጠዋል፤ ውስጡ ያለውን ነገር ግን ይገድለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ለምርት አይመከርም ያልኩት ለእንክብል ነው።»

«ሁለተኛው ገጽ የደረቀ ዓሣ ተጠቅልሎበታል።»

«ከሥሩ፣ ከወገቡ፣ ከጫፉ ያለው መጠን ይለያያል። ሙሉውን ካላገኘሁ፣ የታጠፈበት ቦታም ከተሰበረ ልኬቱ ይዛባል። ለዚህ ነው...» ቆመ። እሷ ዞራ እያየችው ነበር። እንዲህ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ሰው ግን የናፈቀውን ፊት እንዲህ በጥላቻ አይመለከትም።

«ለዚህ ነው» ብላ ጨረሰችለት፣ «እንዳይታጠፍ ያሉት። እንዳይቆረጥ ያሉት። ዋጋ አልከራከርም ያሉት።»

«ምርጡ ውድ ስለሆነ... ሰሪን፣ ምንድን ነው? እናቴ ስለ አራስ ያለችው ምንድን ነው?»

ነገረችው። አጭር አድርጋ፣ የዓሣ ዋጋ እንደምትነግር፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ሚስት የሌለው ወንድ ያልታጠፈ ሲያዝዝ ምን ማለት እንደሆነ። ሳጥኑ ጀልባው ላይ የሁለት ሰው ቦታ እንደያዘ። ጆሮዋ እንደቀላ። አባቷ ዝም እንዳለ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ዘጠኝ እንዳለ።

ሙዮል አሮጌው የመረብ ክምር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የምትፈልገውን ፈለገች፤ ትንሽ ብልጭታ፣ ትንሽ የተደበቀ ነገር፣ «ይገባሽ እንደሆነ ብዬ ነበር» የሚል አንድ ምልክት። አልነበረም። ባዶ ነበር፤ እንደ እውነት ባዶ።

«አላወቅሁም» አለ። ከዚያ እጁን እያየ፣ «ባውቅ ኖሮ ፈርቼ አልጽፈውም ነበር» አለ።

ይህች መስመር ከስድስት ገጽ አልኮል ሁሉ እውነተኛዋ ነበረች። ለዚህም ነው ይበልጥ ያመማት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ...»

«ዛሬ አይሆንም» አለች። «ዛሬ የሚሉት ሁሉ ካሳ ነው። ካሳ አልቀበልም።»

ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል። ማስጫው ሜዳ ላይ ደሴቱ እየተሰበሰበ ነው።

«እየጠበቁዎት ነው» አለች። «ይውጡና እውነቱን ይንገሯቸው፤ ለምርመራ ነው፣ አላወቅሁም ይበሉ። እናትዎ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ይዘውዎት ይሄዳሉ። እኔም በነገው ጀልባ ሞክፖ፣ አክስቴ ዓሣ ቤት እሄዳለሁ።»

«ለምን? አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ሽማግሌውን ጋሼ ፒልን ያውቋቸዋል? የዛሬ ሃምሳ ዓመት በአጨዳ ቀን የግራ ቦቲ በቀኝ እግራቸው አጥልቀው ወጡ። ዛሬ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ስማቸው ግራ ቦቲ ነው። የልጅ ልጆቻቸው የግራ ቦቲ ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ ዕቃ ለጠየቀኝ ሰው ልቤን ጠቅልዬ ላክሁለት። ስሜ ተዘጋጅቷል፤ ናሙና ነው። ሰማንያ ዓመት እስኪሞላኝ ናሙና እየተባልኩ እዚያ ዓለት ላይ መቆም አልችልም።»

እንባዋ ሊመጣ ነበር። ጨዋማው የባሕር ሰው ኩራቷ ግን ከለከለው፤ ብልቃጡን አስቀምጣ ቀድማው ወጣች። ያ ጎጆ እንደዚያ ቀን ጠቦባት አያውቅም።

* * *

ወይዘሮ ባንግ በሚዮክ ቆጦቹ መካከል ቆመዋል። ልብሳቸው ቅጠሉን እንዳይነካ እጃቸውን ሰብስበዋል። ቻንግቦክ ከፊታቸው ቆሟል። እትዬ ዎልሱን ክንዳቸውን አጣጥፈው ከሴቶቹ ፊት ተሰልፈዋል። ሰሪን ከሁሉም ኋላ፣ የመጨረሻው ቆጥ ዘንድ ሄዳ፣ ጣቶቿን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። እንደማታየው ለራሷ ቃል ገብታለች።

«ሙዮል» አሉ እናቱ። «ጀልባው በአሥር ሰዓት ይመለሳል። ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ዓረፍተ ነገር ንገራቸውና እንሂድ። ቅጠሉን ለምርመራ እንዳዘዝከው፣ አሁን የነገሩኝን ወጋቸውን እንደማታውቅ። መቼም ሳታውቅ ነው፤ እኔ የወለድኩት ልጅ አውቆ እንዲህ አያደርግም።»

«እኛም የወለድነው ልጅ አለን» አሉ እትዬ ዎልሱን። ሰሪን ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ አሮጊቷ ከእሷ ወገን ሲቆሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። አሮጊቷ ግን ወዲያው ጨመሩበት። «ዘጠኝ ቦታ የተቆረጠች ብትሆንም።»

«እንግዲህ ስማ» አሉ ወይዘሮ ባንግ፣ ወደ ልጃቸው ተጠግተው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «አባትህ የሠራልህ የማጣሪያ ቤት በመጪው ወር ይከፈታል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ካልተናገርክ ለአጎትህ ልጅ እሰጠዋለሁ። አንተ ከዚህ ጎጆ ውስጥ ከአይጥ ጋር ብልቃጥ ትሸፍናለህ።»

ቻንግቦክ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ወደ ሙዮል ቀረበ። ፊቱ እንደ ዓለቱ ነው፤ ምን እንዳበቀለ ሲታጨድ ብቻ የሚታወቅ።

«ዶክተር፣ እኔ ብዙ ቃል አልወድም። ሳታውቅ ከሆነ ሳላውቅ ነው በል። እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ይሳሳታል። ቂም አልይዝም፤ በሰላም ትሄዳለህ። አውቀህ ከሆነ ደግሞ አውቄ ነው በል። ያዘዝከው አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?»

ነፋሱ ሚዮኩን አንኮሻኮሸው። ሰሪን ቃሏን አፈረሰችና አየችው።

ጀግና አይመስልም ነበር። የባሕሩ ማቅለሽለሽ አልለቀቀውም፤ የከተማ ጫማው አንዱ ማሰሪያ ተፈትቷል። እውነቱ አፉ ውስጥ ነው፤ አንዲት ቃል ናት፤ ነጻ ታወጣዋለች። ሳይንቲስት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልለካውን ነገር ሲናገር አልሰማችውም። «በለው» አለች በልቧ። «በለውና ይለቅ።» ልቧ ግን ለመስማት ፈርቶ ጆሮውን ሸፍኖ ነበር።

ዓይኑ ሕዝቡን ሁሉ አልፎ መጣና እሷ ላይ አረፈ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሙሉውን። ያልታጠፈውን። ዋጋ ሳልከራከር።»

«እሱንማ ሰማን» አሉ እትዬ ዎልሱን። «ታዲያ ምን ሆነህ በመቀስ ከተፍከው?»

«መቁረጤ ጥፋት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ሌላ አዝዛለሁ። ከታክ ሰሪን እጅ። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ያልታጠፈ። ዋጋውን ያለችው ይሁን።»

አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወይዘሮ ባንግ የቆጡን እንጨት ያዙ፤ ገና ያልደረቀ የሚዮክ ጫፍ ጓንታቸው ላይ ተለጠፈ፤ አላዩትም።

የዛሬው ያለማወቅ አልነበረም። ይህን ሰሪን ታውቃለች፤ ራሷ ነች የነገረችው፣ ገና ሻዩ እንኳ ሳይበርድ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ቁልፉን እንደሚያጣ እያወቀ አዘዘ። ሐምራዊው ነገር ውስጧ ቀስ ብሎ፣ ከጫፉ ጀምሮ፣ መሳሳት ሲጀምር ተሰማት። ሳምንት ሙሉ ደረቷ ውስጥ ቆሞ የነበረ ነገር ነው፤ እንዲህ በቀላሉ ሊሄድ መሆኑ አናደዳት። ስለዚህ ድምፅዋ ሲወጣ እንደ ስድብ ወጣ።

«የዘንድሮው አልቋል። ቀጣዩ ሐምሌ ነው።»

«እጠብቃለሁ።»

«በጥር ብርድ ሚዮኩ እንዲበቅልበት ዓለቱ ይፋቃል። ያልፋቀ ሰው አያዝዝም። ውሃው በረዶ ነው።»

«እመጣለሁ።»

«በዚያ ጫማ አይደለም።»

«በዚህ ጫማ አይደለም» አለ። ከዚያ፣ ሰው ሞቱን ካልፈለገ በቀር የማይናገረውን ተናገረ። «ግማሹን በጥላ ብታደርቂው...»

«በፀሐይ ነው የሚደርቀው።»

«በፀሐይ» አለ ሙዮል።

ሰሪን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «ያንተን ከታችኛው ዓለት አጭዳለሁ» አለች። ከሁለቱ በቀር ማንም አላስተዋለውም፤ «እርስዎ» ጠፍታ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ስለ መጪው ሐምሌ ነው» አሉ ወይዘሮ ባንግ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብሮ። ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ የተተወች እናት ፍርሃትም ነበረበት። «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ዘንድሮው ነው። ያን ደብዳቤ ስትጽፍ አውቀህ ነው ሳታውቅ? ይህን ንገረኝና ቁልፉን ወደምሰጠው ልስጥ።»

«እኔም መልሴን አላገኘሁም» አለ ቻንግቦክ።

ሰሪን የእንጨቱ ስንጣሪ መዳፏ ውስጥ ሲገባ ተሰማት፤ እጇን ግን አላነሣችም።

«አላብራራም» አለ ሙዮል። «ሳላውቅ» ቢል ስሟ ናሙና ሆኖ እንደሚቀር፣ «አውቄ» ቢል እንደሚዋሽ ሰሪን ገባት።

«ሙዮል፣ አንተ እኮ ሳይንቲስት ነህ። ማብራራት እንጀራህ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። አላብራራም።»